በሞተር ወደ ሳነቴ፦ ከአስጎብኚ ጋር የባሌን ተራሮች ለሚሻገሩ

ከጎባ ከተማ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከቤቶቹ እንደራቀ ዳገቱን ይጀምራል። መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ከዚያ ቁመቱ እያጠረ የሚሄድ አስታ፣ በመጨረሻ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሞ የሚታይበት የሳነቴ አምባ። አምባው 4,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። በላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን በአገራችን ካሉት ከፍተኛ ተራሮች አንዱ ነው። መንገዱ አምባውን አቋርጦ በሌላው ጫፍ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። በአፍሪካ መኪና ዓመቱን ሙሉ ከሚመላለስባቸው መንገዶች ይህን ያህል ከፍ የሚል ማግኘት ይቸግራል።

ይህ መመሪያ ያንን መንገድ በሞተር፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ በስምንት ቀን ለመሄድ ላሰበ ሰው ነው። የሞተር አነዳድ አያስተምርም፤ መንጃ ፈቃድ ካገኙ የቆዩና ኮረኮንች ላይ ጎማ ሲንሸራተት የማይደነግጡ ሰው ለመሆንዎ እርግጠኛ ሆኜ ነው የምጀምረው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፤ የቀረው ከእሱ ስለሚመዘዝ። በአስጎብኚ በሚመራ ጉዞ ገንዘብ የሚከፍሉት ለመሪው ፍርድ ነው። ሞተር ተከራይቶ፣ መንገድ እየጠየቁ መሄድ ለማንም ይቻላል። መሪ የሚያስፈልገው ተራራው ሥር ደርሰው፣ ልብዎ ተነሥቶ፣ «ዛሬ አንወጣም» የሚል ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ጊዜውንም፣ ልብሱንም፣ ሞተሩንም የሚያዘጋጁት ይህ ቃል በተነገረ ጊዜ ሳያጉረመርሙ ሊታዘዙት እንዲችሉ ነው።

ጊዜውን መቁረጥ

ባሌ ሁለት ጊዜ ይዘንብበታል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ ሌላው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት። ለሞተር የሚሆነው እንግዲህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። መንገዱ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል። ሌሊቱ ግን ክፉ ነው፤ ሳነቴ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወርዶ ጠዋት ኩሬው በረዶ ሠርቶ ይገኛል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚሄድ ሰው በመንገዱ የሚያቋርጣትን አርሲን በአጨዳ ያገኛታል። እይታው ልዩ ነው፤ አደጋውም ልዩ ነው። ኮምባይነር የመንገዱን ግማሽ ይዞ ይመጣል፣ ገበሬው እህሉን አስፋልቱ ዳር ያሰጣል፣ ገለባ በነፋስ መንገድ ላይ ይነጠፋል። ደረቅ ገለባ ላይ ፍሬን መያዝ ጭቃ ላይ ከመያዝ አይሻልም። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ጥርን እወስዳለሁ።

ቀኑን ሲቆርጡ በስምንቱ ቀን ላይ አንድ ትርፍ ቀን ይጨምሩ፤ ጎባ ላይ አየሩ እስኪገለጥ ለመጠበቅ የሚሆን ነው። ትርፍ ቀን የሌለው ጉዞ መሪውን ያስጨንቃል፤ የተጨነቀ መሪ ደግሞ በማይወጣበት ቀን ይወጣል። የጸጥታውን ሁኔታም የጉዞው አዘጋጅ ከመነሻው ሳምንት በፊት፣ ከዚያም በመነሻው ዕለት ጠዋት፣ በየከተማው ደውሎ እንዲያጣራ አስቀድመው ይስማሙ። መንገዱ አይሄድም ከተባለ አይኬድም።

አስጎብኚውን መጠየቅ

ስልክ ደውለው ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ። መሪው ይህን መንገድ በዚሁ ወር ሞተር ላይ ተቀምጦ ሄዶ ያውቃል? በመኪና የሚያውቀው ሰው ኩርባውን ያውቃል፣ የኩርባውን ጠጠር ግን አያውቅም። አፋን ኦሮሞ ይናገራል? ከአዳማ ጀምሮ እስከ ሐረና ድረስ የሚያገኟቸው ሰዎች ቋንቋ ነው፤ ፈረሰኛን «ቆይ» ለማለትም፣ ስለ መንገዱ እውነተኛ ወሬ ለመስማትም ያስፈልጋል። ስንት ሞተር ነው የሚሄደው? ከስድስት በላይ ከሆነ አንድ መሪ አይበቃም።

ደጀን አለ ወይ ብለውም ይጠይቁ። ከሰልፉ ኋላ የሚሄድ፣ ማንንም የማይቀድም፣ የወደቀውን የሚያነሣ ሁለተኛ ባለሙያ ማለቴ ነው። መሪ ብቻ ያለው ሰልፍ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይበታተናል፤ ፊት ያለው ሰው ኋላ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ከደጀኑ በኋላ ደግሞ አጃቢ መኪና፤ ሜካኒክ፣ ካላማዳሪ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመድ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን እጀታ፣ ትርፍ ካቴና፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሣጥን የያዘ። አንድ ሞተር ጭኖ ሊመለስ የሚችል ፒካፕ ቢሆን ይመረጣል።

መጨረሻ ላይ ይህችን ጥያቄ አንሡ፦ «ሳነቴ በጉም ቢዘጋ ምን እናደርጋለን?» መልሱ «ችግር የለም፣ እንሄዳለን» ከሆነ ስልኩን በአክብሮት ዘግተው ሌላ አዘጋጅ ይፈልጉ። ጥሩ መሪ ጎባ የት እንደምትጠብቁ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ወደ ምን እንደሚለወጥ ያለማመንታት ይነግርዎታል።

የተስማሙትን ሁሉ በጽሑፍ ያድርጉት። ቤንዚን የማን ነው? የፓርክ መግቢያስ? ሞተር ቢወድቅና መብራት ቢሰበር ማን ይከፍላል? ጉዞው በአየር ምክንያት ቢቋረጥ ገንዘቡ ምን ይሆናል? ጸብ ሁሉ የሚመጣው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ወረቀት

መንጃ ፈቃድዎ የሞተር ምድብ ሊኖረው ይገባል፤ የመኪና ብቻ ከሆነ አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንሱ አያውቅዎትም። የሞተሩን ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ቅጂ በእርስዎም ኪስ ይያዙ፤ አጃቢ መኪናው ውስጥ ያለ ወረቀት ትራፊክ ሲያስቆምዎት አይደርስልዎትም። አዲስ አበባ ሞተርን ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስለገደበች፣ ጉዞውን ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ላይ መጀመር ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ከውጭ የሚመጡ ወገኖች አንድ ነገር ያጣሩ። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶች ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተርን፣ አንዳንዶቹም ከተወሰነ ከፍታ በላይ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍኑም። ጥቃቅኑን ጽሑፍ ያንብቡ። የያዙት የውጭ መንጃ ፈቃድ እዚህ ምን እንደሚያስፈልገውም አዘጋጁን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይጠይቁት።

ሞተሩ

ትልቅ ሞተር አይመኙ። ከ150 እስከ 250 ሲሲ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ሁለቱም እግርዎ መሬት የሚደርስበት ሞተር ለዚህ መንገድ በቂ ነው፤ በየገጠሩ የግብርና ባለሙያዎች ለዓመታት የሚነዷቸው የያማሃ ዲቲ ዓይነቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝን ሞተር 4,000 ሜትር ላይ ወድቆብዎት ሁለት ጊዜ ካነሡት ሦስተኛውን ለማንሣት ትንፋሽ አይኖርዎትም።

ከፍታው ሞተሩንም ይጎዳዋል። 4,000 ሜትር ላይ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ግድም ነው። ማንኛውም ሞተር ቱርቦ ከሌለው በየሺህ ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ዘመናዊው ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ራሱ ያመጣጥናል፤ ጉልበቱ ግን ያው ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያለው ደግሞ አየር አንሶት ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዳገት ላይ ያንቃል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሜካኒኩ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ አነስ ባለ ይቀይራል፣ የአየር ማጣሪያውን ያጸዳል፣ ትርፍ ካንዴላ ይይዛል። የአዲስ አበባ ሞተሮች 2,300 ሜትር ላይ ስለተቃኙ ችግሩ እንደ ቆላ ሞተር አይከፋባቸውም፤ ቢሆንም ጎባ ላይ እንዲታይ ያድርጉ።

ሞተሩን ሲረከቡ አይቸኩሉ። ካቴናውን መሐል ላይ በጣትዎ ከፍና ዝቅ ያድርጉት፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር መጫወት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከላላ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ ከጠበቀ ይበጠሳል። ሞተሩን እየገፉ ካቴናውን ሙሉ ዙር አሽከርክረው እንደገና ይለኩ፤ አንድ ቦታ ልል ሌላ ቦታ ጠባብ ከሆነ አልቋልና ይቀየር ይበሉ። የፍሬን ሸራውን፣ የጎማውን ጥርስ፣ ዘይቱን፣ መብራቱን ይዩ። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታውን በጓንት ይዘው ይሞክሩት፤ በባዶ እጅ የሚመች እጀታ በወፍራም ጓንት ሩቅ ሊሆን ይችላል። ጭረት ካለ ከአዘጋጁ ጋር ሆነው ፎቶ ያንሡት።

ልብስና ስንቅ

ቅዝቃዜው የሚመጣው ከነፋሱ ነው። ሥር ላብ የማይይዝ ልብስ፣ ከላዩ ሱፍ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ በመጨረሻ የዝናብ ልብስ። ጥጥ ካናቴራ ላብ ይዞ ደረትዎ ላይ ይቀዘቅዛልና ይቅር። ጓንት ሁለት ዓይነት፤ ለአርሲ ቀጭን፣ ለሳነቴ ወፍራም። ጣት የደነዘዘበት ሰው ፍሬን የያዘ እየመሰለው አይይዝም። አገጭን ጭምር የሚሸፍን ሄልሜት የራስዎን ይዘው ይሂዱ፤ የሚከራይ ሄልሜት ስንት ጊዜ እንደወደቀ አያውቁም። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት፣ የጉልበት መከላከያ፣ የፀሐይ ቅባት። ማታ ማታ ጋቢን የሚተካ የለም።

ከምግቡ ጭኮ አይርሱ። ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ይህ ስንቅ የአካባቢው ነው፣ አይበላሽም፣ ቦታ አይፈጅም፣ ትንሿ ቁራጭ ለሁለት ሰዓት ታቆማለች። ውሃ በቀን ሦስት ሊትር ይጠጡ። ከፍታ ላይ ሰውነት ሳይጠማው ይደርቃል።

ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ በቀጥታ የሚመጣ ሰው ከባሕር ጠለል አካባቢ ነው የሚነሣው፤ አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ሌሊት ሳያድር ሞተር ላይ አይውጣ። የከፍታ ሕመምን የሚከላከለው አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለሁሉም ሰው ስለማይሆን ሐኪም አማክረው ብቻ ይውሰዱ።

ከአዳማ እስከ ጎባ

የመጀመሪያው ቀን አጭር ይሁን፤ ከአዳማ አሰላ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከስምጥ ሸለቆው ተነሥተው በኢተያ በኩል እየወጡ 2,400 ሜትር ላይ ያድራሉ፤ የጭላሎ ተራራ ከጎንዎ ነው። ይህን ቀን ለሥርዓት ይጠቀሙበት። ማን ከማን ኋላ እንደሚሄድ፣ ምልክቶቹ ምን እንደሆኑ፣ ማን ፈጣን ማን ቀስተኛ እንደሆነ የሚታወቀው ዛሬ ነው። ቀስ ብሎ የሚነዳው ሰው ከመሪው ቀጥሎ ይሁን፤ ኋላ ከሆነ ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ ይነዳል።

የመገንጠያ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መሪው መገንጠያ ላይ ሲደርስ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ቆሞ አቅጣጫ ያሳያል፤ ደጀኑ እስኪደርስ ከዚያ ቦታ አይነቃነቅም። ደጀኑ ሲመጣ ከፊቱ ገብቶ ይቀጥላል። በዶዶላ አካባቢ የአሰላውና የሻሸመኔው መንገድ በሚገናኙበት ቦታ ይህን ያልተለማመደ ቡድን ግማሹ ሌላ አገር ይደርሳል።

በሁለተኛው ቀን ከአሰላ በቆጂን አልፈው ዶዶላ ያድራሉ። በቆጂ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህች አካባቢ ነው የወጡት። ልጆች ዛሬም በማለዳ መንገድ ዳር ይሮጣሉ፤ ከተማዋ ሲቃረብ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ጡሩምባ አይንፉባቸው። ከበቆጂ በኋላ ሜዳው ይሰፋል፤ የጎን ነፋሱ ሞተሩን ወደ መሐል መንገድ ይገፋዋል። የሞተሩን መሪ ጨብጠው አይታገሉ፤ ክርንዎን አላልተው ሞተሩ ትንሽ እንዲወዛወዝ ይተዉት። አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ሊያልፍዎት ሲመጣ ግን ወደ ጠርዙ ጠጋ ብለው ፍጥነት ይቀንሱ፤ ነፋሱን ሲከልልዎትና መልሶ ሲለቅብዎት ሞተሩ ይነጥቃል።

ሦስተኛው ቀን በአዳባ አድርጎ ዲንሾ ያደርሳል። እዚህ ፈረሰኛ ይበዛል። አርሲና ባሌ ፈረስ የሚከበርበት አገር ነው፤ ብዙዎቹ ፈረሶች ግን የሞተር ድምፅ አልለመዱም። ፈረሰኛ ሲመጣ ነዳጁን ይልቀቁ፣ ፈረሱ ጆሮውን ካቆመ ሞተሩን አጥፍተው ይቁሙ፣ ሄልሜቱን ከፍ አድርገው ፊትዎን ያሳዩና ሰላምታ ይስጡ። «አካም ጅርቱ» የሚለው ሰላምታ ብዙ በር ይከፍታል። አንድ ሽማግሌ ከፈረስ ወድቀው ቢጎዱ ጉዞው እዚያው ያልቃል፤ ማለቅም አለበት።

ዲንሾ ሲደርሱ መንገዱ የጋይሳይን የሣር ሜዳ ያቋርጣል። የደጋ አጋዘኑ ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሲግጥ ያዩታል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም፣ ሳይንስም ያወቀው ከ1900ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚሁ ነው። የመግቢያውን ክፍያ ፈጽመው ደረሰኙን ይያዙ፤ ሳነቴ በር ላይ ይጠየቃሉ። የአካባቢ አስጎብኚ እዚህ ይያዝ፤ የሞተሩ መሪ መንገዱን ያውቃል፣ እንስሳቱን የሚያውቀው ግን የዲንሾ ልጅ ነው። የአዳር ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ማታ ቀለል ያለ ምግብ በልተው፣ አልኮል ሳይቀምሱ ይተኙ።

አራተኛው ቀን ከዲንሾ በሮቤ አድርጎ ጎባ ነው፤ ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ብዙ ሰው ይህን ቀን ለመዝለልና ከዲንሾ በቀጥታ ሳነቴ ለመውጣት ይጓጓል። እባክዎ አይዝለሉት። በከፍታ ላይ ሰውነት የሚለምደው ሌሊት ነው። ሦስት ሺህ ላይ አድሮ ወደ 2,700 ዝቅ ብሎ የተኛ ሰው በማግሥቱ አራት ሺህ ላይ ጭንቅላቱ ንጹሕ ሆኖ ይነዳል። ቀኑ ለሥራም ያስፈልጋል። ከሮቤ ማደያ ቤንዚን ይሞሉ፤ ከጎባ በኋላ የሚተማመኑበት ማደያ የለም፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቀላቀለ ነው። በጀሪካን ለመቅዳት ማደያዎች የፈቃድ ደብዳቤ ስለሚጠይቁ አዘጋጁ አስቀድሞ ያውጣ። ሜካኒኩ ብሎኖቹን ያጥብቅ፣ ካቴናውን ይቀባ። እርስዎ ይተኙ።

ሳነቴ

ከጎባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሡ። ከዚያ ቀድሞ መውጣት መንገዱ ላይ ያለውን በረዶ መጋፈጥ ነው፤ ዘግይቶ መውጣት ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ጉም። መሪው ከሌሊቱ ጀምሮ ሰማዩን ያየዋል። «እንቆይ» ካለ ሻይ ይጠጡ።

ጠጠሩ ሲጀምር የጎማውን አየር ቀነስ ያድርጉ፤ 30 የነበረውን ወደ 24 ፒኤስአይ ግድም። ጎማው መሬት የሚይዝበት ስፋት ይጨምራል፣ ሞተሩ ድንጋይ ላይ መዝለሉን ይተዋል። መርገጫው ላይ ቆመው ይንዱ፣ ጉልበትዎ ታንኩን ይያዝ፣ ዓይንዎ ከፊትዎ ሃያ ሠላሳ ሜትር ይመልከት። ኩርባ ከመግባትዎ በፊት ፍሬኑን ይጨርሱ፤ ኩርባው ውስጥ የፊት ፍሬን አይንኩ። በሞተሮቹ መካከል ያለው ርቀት አቧራው እስኪረግፍ ድረስ ይሁን። አቧራ ውስጥ የሚነዳ ሰው በጭፍን ነው የሚነዳው።

ዳገቱን ጨርሰው አምባው ላይ ሲወጡ ሞተሩ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ያለከልካል። አያስገድዱት፤ ወደ ሁለተኛ ይመልሱትና በዚያው ይሂዱ። ከዚህ በኋላ መቸኮል የሚባል ነገር የለም። ይህን የምለው ለእርስዎ ደኅንነት ብቻ አይደለም። የቀይ ቀበሮ ቁጥር በዓለም ላይ 500 ያህል ነው ተብሎ የሚገመት ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ነው። ከሰው መንደር የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በየጥቂት ዓመቱ ይፈጀዋል፤ በዚህ ላይ መኪና ይገጨዋል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገቡ ግን መንገድ ላይ ቆሞ ሞተረኛ አያስቆምም። በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አይንዱ።

ቀበሮው ሲታይ መሪው እጁን ያነሣል። ሁሉም ባለበት ቆሞ ሞተሩን ያጥፋ፤ ማስነሣትና ማጥፋት አይደጋገም። ቀበሮው ፍልፈል ሲያድን ካገኙት ለደቂቃዎች አይነቃነቅም። ጆሮው ወደ ፊት ተቀስሮ፣ ሆዱ ሣሩን እየነካ፣ አንዱን እግር አንሥቶ ሳያሳርፍ ይቆያል፤ ከጉድጓዱ አፍ አፈር ሲገፋ ብቻ አንድ እርምጃ ይጠጋል። ፍልፈሉ ከባሌ በቀር የትም የሌለ ዝርያ ነው፤ ለቀበሮውም ዋና ምግቡ። በዚህ መሐል አንድ ሞተር ቢነሣ አደኑ ይበላሻል፤ በብርድ ላይ ያለ እንስሳ የጠዋት ምግቡን አጣ ማለት ነው። በእግርም አይጠጉት፣ ምግብም አይወርውሩለት።

ከመንገዱ አንድ ሜትር እንኳ አይውጡ። ሣሩ ለጎማ የሚመች ይመስላል፤ ሥሩ ግን በፍልፈል የተቦረቦረ ባዶ ነው። ጎማው ይሰምጣል፣ ጎማው ያፈረሰው ጉድጓድ ደግሞ የአንድ እንስሳ ቤት ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ የተቀደደ ሣር መልሶ ለመብቀል ዓመታት ይፈጅበታል። ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚያወጣው ቅያስ መንገድ የተፈቀደ ነው፤ ሰማዩ ከጠራና ሁሉም ሰው ደህና ከሆነ ይውጡ፣ አናቱ ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆዩ። ጉም ካለ ይለፉት፤ ምንም አያሳይዎትም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ድካም የተሰማው ሰው በዚያው ቅጽበት ለመሪው ይንገር። ኩራት እዚህ አደገኛ ነው፤ በከፍታ የታመመ ሰው ማመዛዘኑን ሊያጣ ስለሚችል ራሱን መታዘብ ይቸግረዋል። ጓደኛዎ ጥያቄ ሲጠይቁት ዘግይቶ ከመለሰ፣ ሲሄድ ከተንገዳገደ፣ ቆሞ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሞተሩ ፒካፑ ላይ ይጫን፣ እሱም መኪና ውስጥ ገብቶ ወዲያው ይውረድ። የሳነቴ ደግነቱ መውረጃው በሁለቱም በኩል ቅርብ መሆኑ ነው፤ ወደ ኋላ ጎባ፣ ወደ ፊት ሐረና።

ወደ ሐረና

አምባው በድንገት ያልቃል። ከእግርዎ በታች የሐረና ጫካ እስከ ዓይን ጥግ ይዘረጋል፤ መንገዱም በጠመዝማዛ ይወርድበታል። እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፤ ከባዱን ጨረስኩ ብሎ ስለሚላላ። ከመውረድዎ በፊት ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ እጅዎን አሙቁ። ከዚያ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡና ሞተሩ ራሱ እንዲይዝዎት ያድርጉ፤ ፍሪሲዮን ጨብጠው ወይም ሞተር አጥፍተው መንከባለል ፈጽሞ አይሆንም። ፍሬን ያለማቋረጥ ከያዙ ሸራው ይግልና የማይይዝበት ደረጃ ይደርሳል። ያዝ ለቀቅ ያድርጉ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብርዱ ይለቅቃል፣ የአስታው ዛፍ ሽበት በሚመስል ሽፋን ተሸፍኖ ይታያል፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ሪራ መንደር። አዳሩ እዚህ ወይም ዝቅ ብሎ ጫካው ውስጥ ይሁን። ከታች በኩል ቡና በዱር ይበቅላል፣ የጫካው ማርም ስመ ጥር ነው። ጥላው ሥር ያለው መንገድ ግን ፀሐይ ስለማያገኘው በደረቅ ወርም እርጥብ ነው፤ ጭቃ ሲያዩ ፍጥነት ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ፣ ቀጥ ብለው ይለፉ።

አንድ ሰው ከወደቀ መጀመሪያ የሚደረገው መንገዱን መዝጋት ነው፤ አንድ ሰው ወደ ላይ፣ አንድ ሰው ወደ ታች ሄዶ መኪና ያስቁም። የወደቀውን ለማንሣት አይሽቀዳደሙ። ትንፋሽ ካልከለከለው ሄልሜቱን አያውልቁ፣ አንገቱን አያንቀሳቅሱ፤ ጋቢ አልብሰው ያነጋግሩት። ስልክ በብዙው ቦታ አይሠራም፤ ስለዚህ አጃቢ መኪናው ከደጀኑ እንዳይርቅ። ቅርቡ ትልቅ ሆስፒታል ጎባ ነው።

መመለሻው

በስድስተኛው ቀን በማለዳ ሳነቴን መልሰው ይሻገራሉ፤ ዳገቱ አሁን ከሐረና በኩል ነው፤ የሄልሜቱን መስታወት ጠርገው ይነሡ። ጎባ ሲደርሱ የጎማውን አየር ይመልሱ፤ በላላ ጎማ አስፋልት ላይ መሮጥ ካላማዳሪውን ይቆርጠዋል። ጎሚስታ ሮቤም አለ። ማታ ዶዶላ ናችሁ። ሰባተኛው ቀን በኮፈሌ አድርጎ ሻሸመኔ፣ ከዚያም ላንጋኖ ሐይቅ ያደርሳል። ከ2,400 ሜትር ወደ 1,600 ትወርዳላችሁ፤ ወፍራሙን ልብስ ሻሸመኔ ላይ ያውልቁ። ከሻሸመኔ በኋላ ባጃጅ፣ አህያ፣ ጋሪና የጭነት መኪና የሚጋፉበት መንገድ ነው፣ እርስዎም ደክመዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ላንጋኖ ግቡ፤ በማታ አይነዳም።

ስምንተኛው ቀን ሞጆን አልፎ ወደ መነሻዎ ነው። ሞተሩን ሲያስረክቡ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ ይዘው ከአዘጋጁ ጋር አብረው ይዩት፣ ያበላሹት ካለ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ለመሪው፣ ለደጀኑና ለሜካኒኩ የሚሰጡትን ጉርሻ ለየብቻ፣ በእጃቸው ይስጡ፤ ደጀኑ ከሰልፉ ኋላ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። የዲንሾው አስጎብኚ ድርሻም በመሪው በኩል ሳይሆን እዚያው ዲንሾ ሲለያዩ ይከፈል።